የጓሮዋ ክፍል ጣሪያ

ውድ ልጄ፣ ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ከናፍቆትሽና ከአንድ ጣሪያ በቀር ደህና ነን።

ጣሪያ ያልኩሽ፣ ነፋሱ የጓሮዋን ክፍል ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ደግነቱ ወንድምሽ ለቤቱ ኢንሹራንስ ገብቷል። ትናንት የኢንሹራንሱ ገማች መጥቶ፣ «የዕቃ ማስቀመጫ ከሆነች እንከፍላለን፤ ሰው የሚኖርባት ከሆነች ግን ውሉ አይሸፍናትም» አለ። ወንድምሽ አንገቱን ደፍቶ «ማንም አይኖርባትም» አለ። እኔም ቀበል አድርጌ «ከአይጥ በቀር ማን ይኖርባታል!» ብዬ ሳቅኩ። ሰውዬው የተነጠፈውን አልጋና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመላጫ መስታወት አየ። ከዚያ ትራሱ ላይ የነበረውን መነጽር አንስቶ እጄ ላይ አኖረው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ወንድምሽን እንዳትቆጪው፤ ልጆቹ አድገው ቤቱ ጠቧቸው ነው። የጓሮ አየር ደግሞ ለሽማግሌ ተስማሚ ነው፤ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ።

ለእረፍት እመጣለሁ ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብቻ እንደ ልማድሽ በድንገት እንዳትመጪ፤ ዕቃዬን ወደ ትልቁ ቤት እንዳስገባ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ።

ፈጣሪ በሰላም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አባትሽ