ሳይቀመስ ስለቀረበው ብርዝ

ናዝሬት፣ ግንቦት 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አለማየሁ፣ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ለእርስዎ የምመኘው ጥሩ እንቅልፍ ነው፤ ያውም ሌላ ሰው የሰጠዎትን ሳይሆን በራሱ ጊዜ የሚመጣውን። ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው፣ ሂስ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቅርብ ብለው ስላዘዙ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝም ይኸው ቀበሌ በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ብርዝ እየበጠበጥኩ የምሸጠው ጥሩነሽ ነኝ። ባለቤቴ ነጋሳ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የቀረችኝ አንዲት ልጅ ኢፍቱ ናት፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለጤና ረዳትነት ልትሠለጥን ተመርጣለች። ምዝገባው ሰኔ 1 ቀን ያበቃል፤ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ካልያዘች ደግሞ አይቀበሏትም፤ ደብዳቤውን እርስዎ ከልክለዋታል። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ በሚያዝያው ስብሰባ ስላስተማሩን ትምህርት አመሰግናለሁ። መጠጥ የሚያቀርብ ሰው ከሚሰጠው ላይ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ ከፊውዳሉ ሥርዓት የተረፈ ኋላቀር ልማድ መሆኑን፣ ጓድም ጓዱን እንደማይጠረጥር ነግረውናል። እኔ ግን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በጨለማ ኖሬ፣ መቅመስ ማለት እንግዳን በአንተ ላይ የሚደርሰው በእኔም ላይ ይድረስ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ግንቦት 4 ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ በቀበሌው አዳራሽ የስንብት ዝግጅት ሲያደርጉ የሚያሰክር ነገር እንዳይቀርብ ብለው በእኔ ብርዝ መተማመንዎ ትልቅ ክብር ነው። ሦስት ጋን አምጥቼ ለመስተንግዶ ኃላፊው ለወጣት ጆቴ፣ በመመሪያዎ መሠረት፣ ሳልቀምስ አስረከብኩ። ልጄ ሳይቀመስ የቀረበላትን እንዳትጠጣ አድርጌ ያሳደግኳት ስለሆነች በዚያን ቀን ለብቻዋ ጠርቼ፣ ኋላቀር እንዳትባይብኝ የሰጡሽን ተቀበይ አልኳት። በዚህ እርስዎን አልወቅስም፤ ይህ የእኔ ነው፤ እስክሞት የእኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ጆቴ ላሳየው ልዩ መስተንግዶ ምስጋና ይድረሰው። ለሌላው ሰው ከማንቆርቆሪያ ሲቀዳ፣ ለኢፍቱ ግን ተሞልቶ የተዘጋጀ ብርጭቆ ከጓዳ ይዞላት ወጣ፤ በአንድ ትንፋሽ ጨርሺው፣ የእናትሽ እጅ ነው አላት። ልማዱ ቢኖር ኖሮ ከዚያ ብርጭቆ መጀመሪያ እሱ መቅመስ ነበረበት። ልጄ ኋላ የነገረችኝ፣ መሮኝ ነበር እማዬ፣ ግን ያንቺ እጅ ነው ብዬ ጨረስኩት ብላ ነው። ብዙም ሳይቆይ እግሯ አልሸከም ሲላት፣ ጆቴና አንድ ጓደኛው ትንሽ ትረፍ ብለው ወደ ዕቃ ቤቱ ሊወስዷት አነሷት። ደራርቱ የምትባለው የክፍል ጓደኛዋ ወገቧን ይዛ አልለቅም ብላ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኸች፤ በጋሪም ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። በአዳራሹ በር ላይ መሣሪያ ይዘው ከቆሙት ጥበቃዎች ይልቅ አንዲት ተማሪ መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ፈይሳ፣ የመጠጥ ሽታ እንደሌለባትና የእንቅልፍ መድኃኒት እንደተሰጣት ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን በማግሥቱ ለእርስዎ አስረከብኩ፤ ይታያል አሉኝ። ይኸው አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ እየታየ ነው፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያነብ ሊቀመንበር በማግኘታችን ዕድለኞች ነን።

አራተኛ፣ ግንቦት 12 ቀን ልጄን በሕዝብ ፊት አቁመው፣ ሰክራ ዝግጅት ስለ ማወኳ ግለሂስ እንድታደርግ አዘዙ። ማርና ውሃ ብቻ የገባበት ብርዝ ሰው አስክሮ ከሆነ እኔ ባለሙያዋ መሸለም ነበረብኝ። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ጆቴ ነበር። ኢፍቱ የማታስታውሰውን ጥፋት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለች፤ እሱም ጻፈው፤ እርስዎም የድጋፍ ደብዳቤውን በዚሁ ቃለ ጉባኤ ከለከሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አትወጣም። እኔ የምሰጣትን ውሃ እንኳ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም እቀምስላታለሁ፤ ለገዛ ልጄ፣ በገዛ ቤቴ።

በመጨረሻም ሴት ተማሪዎች በዝግጅት ላይ ከልክ በላይ እንዳይጠጡ የሚለውን ማስታወቂያዎን አንብቤ ተምሬበታለሁ። ቦታ ካለው ከሥሩ ይህ ይጨመርልኝ፤ ልጆቼ፣ ሲቀዳ ያላያችሁትን አትጠጡ፤ አስቀምጣችሁት ወደ ሄዳችሁት ብርጭቆ አትመለሱ፤ አብራችሁ ከሄዳችሁ አብራችሁ ተመለሱ፤ ጓደኛችሁ ከተዝለፈለፈች ላሳርፋት ለሚል ሰው አትስጡ። ለወንዶቹ የሚጻፈውን ደግሞ እርስዎ ያውቁበታል ብዬ ትቼዋለሁ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን አለዎት። ማኅተሙ ከከበደዎት መጥቼ አግዝዎታለሁ።

ቀሪ ዘመንዎ በሚያምኑት ሰው እጅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ላስተማሩኝ ሁሉ ውለታዎን የማልረሳው የኢፍቱ ነጋሳ እናት፣
ጥሩነሽ

ሳልጽፈው የቀረ፤ ለመጪው እሁድ ስብሰባ፣ ከአውራጃ ለሚመጡት እንግዶች ሁለት ጋን ብርዝ እንዳቀርብ የሚለው ትእዛዝዎ ደርሶኛል። አቀርባለሁ። በመመሪያው መሠረት አንዲት ጠብታ አልቀምስም። የእርስዎ ብርጭቆ ከጓዳ ተሞልቶ በጆቴ እጅ ይመጣልዎታል፤ ጓድ ጓዱን አይጠረጥርምና፣ ሁላችንም እያየንዎት በአንድ ትንፋሽ እንደሚጨርሱት አልጠራጠርም።