ግንባሬ ላይ የተለጠፈች መቶ ብር

ለቡ መብራት ኃይል፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
የጠዋቱ ሽያጭ፦ ስምንት ዳቦ፣ ሁለት ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር። እማዬ በሩን ሁለት ጊዜ ሞክራለች።

ውድ እህቴ ሚካል፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የቤሩት ብርድስ? የምትጦሪያቸው ሴትዮ ሌሊት ያስተኙሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች። ስምሽን ሳነሳባት «የማን ልጅ ናት?» ትላለች፤ ፊቷ ግን ይፈካል።

የባህል ቤቱን ውዝዋዜ ትቼ እሷን መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ከዚህች ሱቅ ርቄ አላውቅም። ክረምት ላይ ታክሲ ተሳፍራ ብስራተ ገብርኤል ጠፍታ ስለተገኘች በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ፤ ደንበኛ የማስተናግደው በመስኮት ነው። አንቺ እዚያ የሰው እናት በደመወዝ፣ እኔ እዚህ የራሳችንን፤ ሁለታችንም ደጅ አንወጣም።

እንደኔ የታሰረ ብዙ ነው። ጎረቤታችን ቀመሪያ ባሏ እንደ እማዬ ሁሉን ረስቶባታል። ስለዚህ የሰፈሩ ኮሚቴ አዲስ ካሠራው አዳራሽ አንዷን ክፍል በሳምንት ሁለት ጠዋት ለሕሙማኑ መዋያ እንዲሰጠን ልንጠይቅ ተስማማን። «መድረክ የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብለው እኔን ላኩኝ።

ቅዳሜ እማዬን ለቀመሪያ ልጅ ትቼ ሄድኩ፤ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «አሁን ደግሞ አርቲስት አክሱማዊት» ተብዬ ተጠራሁ። ማይክ ይዤ ገና ስለ እማዬ መናገር ስጀምር፣ የባህል ቤቱ የድሮ ደንበኛ ጋሽ ሙሉሰው እየሳቁ ተነሥተው መጡና መቶ ብር ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። የምጨፍር መስሏቸው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዱ ከኋላ «ትከሻውን ነቅነቅ አድርጊው እንጂ፣ እናቴ!» አለ።

ብሩን አላነሣሁትም። ላቤ ይዞት ግንባሬ ላይ እንዳለ ንግግሬን ቀጠልኩ። እማዬ ሽንት ቤቱን ፈልጋ ስታጣ እንዴት እንደምታለቅስ ስናገር ሳቁ ቆመ። ጋሽ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

ስንወጣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጠጋ ብሎ «ንግግርሽ ልብ ይነካል። ክፍሏን እንሰጣችኋለን። ብቻ አዳራሹ የሚመረቅ ቀን እንግዶች ስላሉብን ትጨፍሪልናለሽ» አለኝ። «ካልጨፈርኩስ?» ስለው «እሱማ ሌላ ጊዜ በአጀንዳ ይታያል» አለ። እሱ አጀንዳ ያለው ነገር ሲታይ አይቼ አላውቅም።

ቀመሪያ «እምቢ በይው፣ መጫወቻ ሊያደርግሽ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል እንኳ ዓይኗ ከደጇ አልተነሣም፤ ባሏ ሲጮህ ሳትጨርስ ሮጠች። እኔም እሷን እያየሁ ነገሩን እንደ ዕቃ አገላብጬ መዘንኩት። ከጨፈርኩ በኋላ ማንም እንደ ተናጋሪ አይሰማኝም፤ ካልጨፈርኩ ክፍሏ የለችም። እሺ ብዬዋለሁ።

እማዬ ትስምሻለች። ቀመሪያንና ልጇን ሰሀርን ናፍቀሻቸዋል። ለሴትዮዋም ባያውቁኝ እንኳ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ነገ ጠዋት ሰሀር እማዬን ትጠብቅልኛለች። የውዝዋዜ ቀሚሴን ይዤ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ጋ እሄዳለሁ፤ ወገቡን እንዲያሰፋልኝ።