ከጎን የታዩት ጋላክሲዎች

ሰኞ፣ ቡሬ

ስህተቱ የኔው ነው። ሦስት ጊዜ አረጋገጥሁት። ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ካጠናኋቸው ጋላክሲዎች ቀጫጭኖቹ እንዳረጁ ኮከቦች ቀያይ ሆነው ስላገኘኋቸው «ያረጁ ናቸው፤ ኮከብ መውለድ አቁመዋል» ብዬ ደምድሜ ነበር። ዛሬ አንዱን ምስል ሳጎላው መሐሉን የሚሰነጥቅ ጥቁር መስመር አየሁ። አቧራ! እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆነ ጋላክሲ ከፊት ለፊት ሲታይ ክብ ነው፤ ከጎን ሲታይ ቀጭን። ከጎን ስናየው ደግሞ ብርሃኑ በራሱ አቧራ ውስጥ ረጅም መንገድ ያልፋል፤ ሰማያዊው ተውጦ ይቀርና ቀዩ ይደርሰናል። አላረጁም። አቅጣጫው ነው ያሳሳተኝ።

ጽሑፌን በፈታኝ ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ ዓርብ ነው።

ማክሰኞ

መኝታ ክፍል ለምትጋራኝ ለጓደኛዬ ለሙሉ ነገርኋት። «ማን ያይብሻል? ዝም በይ፤ ከተመረቅሽ በኋላ ታርሚዋለሽ» አለች።

የሚያስፈራኝ፦ ፈታኙ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመጡት። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ፈቃድ በዚህ ወር ያልቃል። አማካሪዬ ዶክተር ይበልጣል ጽሑፉን አጽድቀው ፈርመዋል።

ምሳ አልበላ አለኝ።

ረቡዕ፣ ፍኖተ ሰላም

አባቴ ዘንድ መጣሁ። መንገድ ላይ ማንኩሳ ከተማ ስንደርስ ከመኪናው ወርጄ ልመለስ ብዬም ነበር።

አባየ የቅኔ መምህር ናቸው። ስለ ጋላክሲው ብዙም አልገባሁ፤ መሳሳቴን ብቻ ነገርኋቸው።

«ስህተቱን ያየ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም፣ አባየ።»

«ተማሪ ቅኔው አንድ ቤት፣ አንድ ስንኝ፣ እንደጎደለው ካወቀ ራሱ ይመልሰዋል። ዝም ካለ መምህሩ ጉድለቱን በሰው ፊት ነቅሶ ያወጣበታል፤ ያን ቀን የሚጎድለው ቤት ብቻ አይደለም።»

ከዚያ ጓሮ ስለዘሩት በቆሎ አወሩኝ።

ሐሙስ፣ ቡሬ

ጠዋት ዶክተር ይበልጣል ቢሮ ገባሁ። ምስሎቹን ዘርግቼ ስህተቴን አሳየኋቸው። አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«እኔም ፈርሜበታለሁ እኮ» አሉ። የተቆጡ መሰለኝ። ምስሎቹን እየመለሱልኝ ግን «ከፊት የታዩትንና ከጎን የታዩትን ለይተሽ ቀለማቸውን አወዳድሪ» አሉኝ።

ስሠራ ዋልሁ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ከፊት የታዩት ሰማያዊ ናቸው፤ ዘንበል ባሉ ቁጥር ቀለማቸው ወደ ቀይ ይሄዳል። ልክ ነበርሁ። ማለቴ፣ ተሳስቻለሁ ማለቴ ልክ ነበር።

ዓርብ

ዲፌንሱ ላይ ስህተቴን አስረድቼ ገና ሳልጨርስ ፈታኙ «ታዲያ ያስገባሽው ጽሑፍ ስህተት ነው?» አሉኝ።

«አዎ። ምዕራፍ አራት ተሳስቷል።»

ሊመካከሩ ወደ ውጭ አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ጓደኛዬ ሙሉ መጥታ እጄን ይዛ ቆመች። ሲጠሩኝ፦ አላለፍሁም፣ አልወደቅሁምም። ምዕራፉን እንደገና ጽፌ ከሁለት ወር በኋላ እንድመለስ ወሰኑ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ፈቃዴን ያራዝሙልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ፈታኙ ደረጃው ላይ አገኙኝና «እኔ ሳነበው ምንም አልጠረጠርሁም ነበር» አሉኝ።

ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልፌ ነበር ማለት ነው። ግን አልጸጸተኝም። ይመስለኛል።