የእትዬ ሥጋት፦ የአንዲት የኮምፒውተር መምህር የሕይወት ታሪክ

እኛ ታናናሾቻቸው «እትዬ» የምንላቸው፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ ከጀርባቸው «ፕሮፌሰር ቢሆንስ» የሚሏቸው እኅታችን፣ የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ከነበሩት አባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ በፊተኛው የእናታችን የስፌት መኪና፣ በኋለኛው እኛ ሁላችን።

የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ መሥጋትን የጀመሩት ማንም ሳያግዛቸው ነው። እናታችን ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ገና አፋቸውን እንደፈቱ፣ ከመተኛታቸው በፊት በሩ መቀርቀሩን፣ ምድጃው መጥፋቱንና አባታችን ከሥራ መግባታቸውን ይጠይቁ ነበር። ሁሉም ደህና ነው ሲባሉ «እሺ» ይሉና ተነሥተው በሩን ራሳቸው ይነካሉ። እናታችንም «አንቺ ልጅ፣ ሳታድጊ ልታረጂ ነው» ይሏቸው ነበር። ፍዳው የተረፈው ግን ለእኛ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጃንጥላ ተሸክመን ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች በሰፈሩ ውስጥ እኛ ብቻ ነበርን።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች በከፍተኛ ውጤት አጠናቀዋል። በተለይ በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሆኖም የፈተና ወረቀታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አስረክበው አያውቁም፤ መምህሩ ከእጃቸው መንጠቅ ነበረባቸው። «አልጨረስሽም እንዴ?» ሲባሉ፣ «ጨርሻለሁ፤ ግን መጨረሴን እርግጠኛ አይደለሁም» ብለው ክፍሉን በሣቅ የገደሉበት ቀን እስከ ዛሬ ይነሣል።

በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው የነበረው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ሲሆን፣ እሱም በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ተማሪ ሊነካው ቀርቶ አይጠጋውም ነበር። ፕሮግራም የሚጻፈው በሚበሱ ወፍራም ካርዶች ላይ ነው። የካርዶቹ እሽግ በመስኮት ይሰጣል፣ ውጤቱ በማግስቱ ይመጣል፣ ከካርዶቹ አንዱ ቦታውን ከሳተም ያ ሁሉ ድካም ገደል ይገባል። እትዬ በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ በእርሳስ ተራ ቁጥር ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን አንድ የፊዚክስ ተማሪ የራሳቸውን የካርድ እሽግ ደረጃ ላይ በትነው፣ ተንበርክከው ሲለቃቅሙ እትዬ ደረሱባቸው።

«ቁጥር አልጻፍክባቸውም?»

«ኧረ ይወድቃሉ ብዬ መች አሰብኩ!»

እትዬ እንዲህ የሚያስብ ሰው ብቻውን መተው እንደሌለበት የወሰኑት ያን ቀን ነው። በ1973 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ባለቤታቸው የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ሆነው፣ አንድም ነገር ሳያሳስባቸው፣ በደስታ ኖሩ። «የእኔንም ድርሻ እሷ ትሠጋልኛለች» ይሉ ነበር።

እትዬ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በኮምፒውተር ሳይንስ ሠርተው በ1981 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው በመመለስ እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። ምርምራቸው ፕሮግራሞች ሰው ላይ ጉዳት ከማድረሳቸው በፊት ስሕተታቸውን ፈልጎ በማግኘት ላይ ያተኮረ ነበር። እኛ በቤታችን ቋንቋ «እትዬ ለሥጋት ደመወዝ የሚከፍል አገኙ» እንል ነበር። ጽሑፎቻቸው በሙያው መጽሔቶች ታትመዋል፤ የትምህርት ክፍሉንም ለረጅም ጊዜ መርተዋል።

ተማሪዎቻቸው የማይረሱት ግን የሰበራ ሐሙስን ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ የጻፈውን ፕሮግራም ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ሊሰብሩት ይነሣሉ። ባዶ ቢሆንስ? ከዜሮ በታች ቢሆንስ? ሰውየው ደክሞት ቁልፉን ሁለቴ ቢጫንስ? ነጥብ የሚሰጠው ለሰባሪው ነው። የፕሮግራሙ ባለቤት መከራከር አይፈቀድለትም፤ በእያንዳንዱ ስብራት «አመሰግናለሁ» ብቻ ይላል። ትልልቅ ወንዶች ከዚያ ክፍል እያለቀሱ ሲወጡ ታይተዋል። እትዬም በር ላይ ጠብቀው «አይዞህ፣ ዛሬ የተሰበረው ወረቀት ነው፤ ሰው አይደለም» ይሏቸዋል።

በ1989 ዓ.ም. የአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እርዳታቸውን ጠየቀ። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት በክብደታቸው ይሰላል፤ ነርሶቹ ደግሞ በድካም ላይ ሆነው በእጃቸው ያሰሉ ነበር። እትዬ አንዲት መስመር ከመጻፋቸው በፊት ወራት በክፍሉ ጥግ በአንድ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው የነርሶቹን እጅ ሲያዩ ከረሙ። ከዚያ የጻፉት ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ያለ እንከን ሠራ። በዚህ ሥራቸው ተሸልመዋል፤ ሽልማቱ ግን እንቅልፍ አልሰጣቸውም። ከቤተሰብ ጋር ማዕድ ላይ ሳሉ ስልክ ከጮኸ መጀመሪያ የሚቆመው የእሳቸው ጉርሻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያልነው የሚከተለውን ለማለት ነው። ያ ፕሮግራም አንድም ሐሙስ ለሰበራ ቀርቦ አያውቅም። ተማሪዎቻቸው «የእሳቸው ነው» ብለው አከበሩት፤ እሳቸውም ሥራ ላይ ያለን ነገር መነካካት ፈሩ። በዚያ ዘመን ማሽን ጠባብ ማከማቻ ውስጥ እንዲገባ አሳጥረውና አጨናንቀው ስለጻፉት ከእሳቸው በቀር የሚፈታው አልነበረም። በጎኑ ማብራሪያ ሊጽፉበት ሁልጊዜ ያስቡ ነበር፤ ሳይጽፉበትም በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

በ2012 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ፕሮግራሙን በአዲስ ሊተካ ወሰነ። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበርና ወደ ቤት መጥቶ አንዲት መስመር አሳያቸው። ከአንድ ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት ፕሮግራሙ ከተሰላው መጠን ላይ ጥቂት ይቀንሳል።

«ፕሮፌሰር፣ ይቺን ለምን እንዳስገቧት ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት። አውልቀውም አዩዋት። ከዚያ «ነገ ደውልልኝ» አሉት። በነገታውም አላወቁትም፤ በሳምንቱም። የራሳቸውን ኮድ እያነበቡ «ማነው የጻፈው? ጎበዝ ነው፤ ግን ክፉ ነው፣ ለሰው አልጻፈም» ሲሉ ልጃቸው ሰምታ ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው። የማስታወስ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚበላ ሕመም እንደያዛቸው የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ለራሱ ያለቅስ ነበር። እትዬ ያሳሰባቸው የመስመሯ ነገር ነው። በስሕተት ገብታ ከሆነ ሕፃናት ለዓመታት ጎዶሎ መድኃኒት ወስደዋል። በምክንያት ገብታ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ፕሮግራም ሲተዋት ሊጎዳቸው ነው። መልሱ ያለው በእሳቸው ራስ ውስጥ ነው፤ ራሳቸው ደግሞ በየቀኑ እየከዳቸው ነው። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ጠርተው በገዛ ሳሎናቸው የሰበራ ሐሙስ እንዲደረግባቸው አዘዙ። የሸበቱ ሰዎች ሶፋው ላይና ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የመምህራቸውን ሥራ ከሐሙስ ሐሙስ ፈተሹ። የሰበሩም ነበሩ፤ እትዬም በየተራው «አመሰግናለሁ» አሉ። የመስመሯን ምክንያት ግን አንዳቸውም ሊያገኙት አልቻሉም፤ እኛም እሳቸው ሳያስታውሱ ቀኑ እንዳይመሽባቸው እየፈራን ሻይ እናቀርብ ነበር።

በመጨረሻ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነርሶቹ የሚሠሩባቸውን ዕቃዎች ከሆስፒታሉ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። እትዬ ማንም ሳይነግራቸው ሲሪንጁን አነሡ። በዚያ የእንጨት ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩት እንደከረሙት ከብርጭቆ ውኃ ሳቡ፣ ገፉ፣ ጫፉን ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ጠብታዋ የታለች?» አሉ።

«የቷ ጠብታ፣ ፕሮፌሰር?»

«ጫፉ ውስጥ የምትቀረዋ ነቻ! መድኃኒቱን ለማቅጠን ውኃ ሲስቡ አብራ የምትገባዋ። ለእኔና ላንተ ምንም አይደለች፤ ለእነሱ ግን ብዙ ናት። ለዚህ እኮ ነው የቀነስኩት!»

ሳሎኑ በደስታ ተናወጠ። በሲሪንጁ ጫፍ ውስጥ ግን ጠብታ አልነበረችም። ሆስፒታሉ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚገዛቸው ሲሪንጆች ጫፋቸው ምንም አይዝም። ትናንት ሕፃናቱን የጠበቀች መስመር ዛሬ ከድርሻቸው እየቀነሰች ነበር። ኃላፊው እዚያው ስልክ አንሥቶ ደወለ፤ በዚያው ቀን መስመሯ ወጣች። ሐኪሞቹም የቻሉትን ያህል ወደ ኋላ መርምረው፣ የተቀነሰው ጥቂት መሆኑንና በዚያ ምክንያት የተጎዳ ሕፃን አለማግኘታቸውን ነገሯቸው።

እትዬ አመስግነው ሲያበቁ «አላገኘንም ማለት የለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩትም ይህንኑ ጥያቄ ነበር። በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ግን ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምክንያቱ በቀላል አማርኛ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ ሄደ። መጀመሪያ የተማሪዎቻቸው፣ ቀጥሎ የእኛ፣ በመጨረሻም የልጆቻቸው ስም ጠፋባቸው። ሥጋታቸው ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ምክንያቱን ረስተው ሥጋቱ ብቻውን ቀረ። ጠዋት ሲነቁ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው «የሆነ ነገር ረስቻለሁ፤ ሕፃናት አሉበት» ይላሉ። ባለቤታቸውም «ሕፃናቱ ደህና ናቸው» ይሏቸዋል። ግን እትዬ በግምት የሚናገርን ሰው በድምፁ የሚለዩ ሰው ነበሩ፤ «በምን አወቅህ?» ይላሉ። ስለዚህ እኚያ ምንም ነገር አሳስቧቸው የማያውቁ ሰው በየጠዋቱ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መደወል ጀመሩ። ነርሶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ በኋላ ለመዱ። ባለቤታቸው «አዳራቸው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ይቀበላሉ፣ ከዚያ ወደ እትዬ አልጋ ይመለሳሉ። አንዳንድ ጠዋት መልሱ ከባድ ይሆንና ስልኩን ዘግተው ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ይቆማሉ። የዚያን ቀን «ሐኪሞቹ አጠገባቸው ናቸው» ይሏቸዋል፤ ዋሽተዋቸው አያውቁም። እትዬም ሰምተው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።

በሕክምናና በቤተሰብ ፍቅር ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ በቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን ታናናሾቻቸውንና በየሥራው የተበተኑ፣ አንድን ነገር ሠርተው ሲጨርሱ እንደ እሳቸው የሚሠጉ ብዙ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል።

ትናንት ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ባለቤታቸው ከመካከላችን ተነሡ። ወዴት እንደሚሄዱ ያልገባን ሰዎች ልንደግፋቸው ተከተልናቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስልኩን አነሡና እንደ ወትሯቸው «አዳራቸው እንዴት ነው?» አሉ። ነርሷ የእትዬን ማረፍ አልሰማችም ነበር። «ሁሉም ደህና ናቸው አባቴ፤ ለእማማ ይንገሯቸው» አለቻቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉ፤ ግን የሚነግሩት ሰው አልነበረም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፈው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።

ስለ ሁላችን የሠጉትን እኅታችንን አምላክ ሥጋት በሌለበት ያኑርልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለምናለቅስ ሁሉ መጽናናቱን ይስጠን።