እንደገና የተሠሩት

ሊማ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 14 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለኮሪን፣

እንደምን ሰንብተሻል? ፐርዝ ላይ ሙቀቱ እንደጀመረና ከሆስፒታል ሥራሽ ስትወጪ ባሕር ዳር እንደምትሄጂ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። እዚህ የግቢያችን የሜፕል ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ ነው። ዘንድሮ የሚጠርገው ሰው ስለጠፋ እስከ በረንዳው ድረስ ተከምሯል።

ይህን የምጽፍልሽ የምሠራበት አበባ መሸጫ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ጓዳ ተቀምጬ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ጆሊን ገበያተኞቹን እኔ አስተናግዳለሁ ብላ አስገባችኝ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ግን አባትሽ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ስለ እሱ ማውራት አልሆንልሽ አለኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርሽ፤ ታግሰሽ አንብቢው።

ምድር ቤት ያሉትን የአባትሽን አሻንጉሊቶች አትረሻቸውም፤ "የማዕበል ዘብ" የሚባሉትን፣ በመስታወቱ ቁም ሳጥን የሚቀመጡትን ወታደሮች። ከእነሱ የአንዱን፣ የሻምበል ግሪፍን ክንድ የሰበርሽ ቀን አንድም ቃል ሳይናገርሽ ራት ሳይበላ መተኛቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በልጅነቱ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባለበት ቤት ውስጥ እነሱን ይዞ ከአልጋ ሥር ይገባ እንደነበር ነግሮኛል። እኔም በዚህ የተነሳ አንድ ቀን እንኳ ስቄበት አላውቅም።

ባለፈው ጸደይ ኩባንያው እነዚህኑ አሻንጉሊቶች በድሮው ማሸጊያ፣ በድሮው ሥዕል እንደገና ሠርቶ አወጣ። ወሬው ሲሰማ አባትሽና እንደሱ አሻንጉሊት የሚሰበስበው ጓደኛው ዴልበርት ልጅ ሆኑልሽ ብል ማጋነን አይሆንም። ዴልበርት በየሳምንቱ እየመጣ ስለ ቀለሙና ስለ መገጣጠሚያው ያወራ ነበር። "ለኛ ለራሰ በራዎቹ ነው የሠሩልን፤ የዛሬ ልጆች መች ይህን ያውቁታል!" ይላል። ዕቃው የደረሰ ቀን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስታችንም ሆነን ከፈትነው።

"ቬርን፣ ጉልበቱ ይታጠፋል እኮ!" አለ ዴልበርት አዲሱን ሻምበል ግሪፍ ብድግ አድርጎ። "አርባ ዓመት ሙሉ ተገትሮ የኖረ ሰውዬ በመጨረሻ አረፍ አለ!"

እኔ ሳቅሁ። አባትሽ ግን አልሳቀም። ወርዶ የድሮውን አመጣና ጎን ለጎን አቆማቸው። አሸተታቸው። በአውራ ጣቱ ፊታቸውን ዳሰሰ።

"ይሄ እሱ አይደለም" አለ።

"እንዴ! ድጋሚ የተሠራ ነዋ። እሱ ነው ያለህ ማን ነው?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም ዴል። ሁሉ ነገሩ ልክ ነው። ጉንጩ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ ቦታዋን አልሳተችም። ግን ውስጡ ማንም የለም።"

ዴልበርት እየቀለደ መስሎት "የድሮውስ ውስጥ ማን ነበር ታዲያ?" አለው። አባትሽ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየው፤ "አንተ አታውቅም?" አለው፤ በእውነት የገረመው ሰው ይመስል ነበር።

ሰብሳቢዎቹ በሚወያዩበት የኢንተርኔት ገጽ ላይም ይህንኑ ጻፈ። ሰዎቹ መጀመሪያ በወጉ ነበር የመለሱለት። አንዱ አዲሱ ቀለም ከድሮው ይሻላል አለ። ሌላዋ ደግሞ እናቷ የጣለችባትን ሁሉ አሁን መልሳ በማግኘቷ እንዳለቀሰች ጻፈች። አንዱ ታሽገው ካልተቀመጡ ምን ዋጋ አላቸው እያለ ይሟገታል። አባትሽ አሁንም አሁንም "ተለውጠዋል፤ እንዴት አይታያችሁም?" ሲል ግን "አቶ ቬርነን፣ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለል አድርገው!" ብለው ተሳሳቁበት። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን አልነካውም። አዲሶቹን በካርቶን አሽጎ ጋራዥ አስገባቸው፤ ከድሮዎቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዲያድሩ አልፈለገም።

በበጋው አንድ ጠዋት ቁርስ እየበላን ነበር። ዕንቁላሉን ጠብሼ ሳቀርብለት ቀና ብሎ አየኝና፣

"ቡናዎን በወተት ነው የሚጠጡት?" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ "አዎን ጌታዬ! ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያከበሩኝ?" አልኩት። ፈገግ እንኳ አላለም። ዐይኑ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ፤ ምድጃው ያቃጠለኝ ቦታ ላይ ቆመ።

"በጣም ጎበዞች ናቸው" አለ ቀስ ብሎ።

"እነማን?"

"እርስዎን የሠሩት።"

ኮሪን፣ ሳህኑን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ቀን ወዲህ "አንቺ" ብሎኝ አያውቅም። ክፉ ሆኗል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋ ሆነ። ወጥ ቤት ከመግባቱ በፊት በሩን ያንኳኳል። ለምሰጠው ነገር ሁሉ ያመሰግናል። ሌሊቱን ባንቺ ክፍል ነው የሚያሳልፈው፤ ባለትዳር ሰው ከማያውቃት ሴት ጋር አይተኛማ። ቀን ቀን ደግሞ እኔን ይፈልጋል። ምድር ቤት ወርዶ፣ ጣሪያው ሥር ወጥቶ፣ ጋራዡን ከፍቶ "ሎሪ!" ይላል። እኔ ከኋላው ቆሜ "አቤት" እለዋለሁ። ዞሮ ያየኝና ፊቱ ይጠወልጋል። "እርስዎን አይደለም፤ ይቅርታ" ይለኛል።

ፎርት ዌይን ከተማ በነበረው የአሻንጉሊት ትርኢት አብሬው እንድሄድ ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ጥሩ ልብሴን ለበስኩ። ወደ ራሱ ሊመለስ ነው ብዬ ነበር። አዳራሹ ሰው በሰው ነው፤ አባቶች፣ ጢማቸው የሸበተ ጎረምሶች፣ ሁሉም ካርቶን ታቅፏል። አባትሽ ክርኔን ይዞ ሲመራኝ ቆየና ዴልበርት ዕቃ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ፊት፣ መብራቱ ሥር አቆመኝ።

"ዴል፣ እስቲ እኚህን ሴትዮ እይልኝ።"

"ሎሪ ናት እኮ! ምኗን ልይ?"

"ቀስ ብለህ እይ። አንተ ከኔ የተሻለ ዐይን አለህ። ኦሪጅናል ናቸው ወይስ ድጋሚ?"

ዴልበርት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ የአባትሽን ፊት አየና ሳቁ እዚያው ደረቀ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። እኔን አየኝ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

"ኦሪጅናል ናት ቬርን" አለ። "ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ኦሪጅናል ናት። በእናቴ ስም እምልልሃለሁ።"

አባትሽ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "አይ ዴል፣ አንተንም አታለሉህ" አለው፤ በኀዘኔታ። ከአጠገባችን የቆመ አንድ የማላውቀው ሰው ነገሩን ሰምቶ ኖሮ እሱም አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እዚያ መብራት ሥር ቆሜ የገዛ እጄን አየሁት። የኔ መሆኑን እርግጠኛ ለመሆን ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፍኳቸው።

ኮሎምበስ ወስጄው አንዲት የአእምሮ ሐኪም ጭንቅላቱን በማሽን አነሳችው። ዐይኑ ፊቴን ያውቀዋል አለች፤ ግን ሲያየኝ ውስጡ ይሞቅ የነበረው ነገር አሁን አይሞቅም። አእምሮው ደግሞ ለዚያ ብርድ ምክንያት ሲፈልግ "ይህች አስመሳይ ናት" ይላል። መድኃኒት አዘዘችለት። ከዚህ በኋላ በሽታው ወዴት እንደሚያመራ ልትነግረኝ ስትጀምር የመኪና ማቆሚያው ሰዓት አልፏል ብዬ ተነሣሁ። አንቺ ነርስ ነሽ፤ የተቀረውን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ።

አሁን ደግሞ በጣም የሚገርመውን ስሚኝ። በሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ ቀን ከሱቁ ሆኜ ቤት ደወልኩ፤ ዶሮውን ከፍሪዘር አውጣ ልለው ነበር።

"ቬርን፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁ። "ሎሪ? ሎሪዬ! የት ነሽ? የት ነው የወሰዱሽ?"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። "ሱቅ ነኝ" አልኩት። "ደህና ነኝ ቬርን።"

"ቀስ ብለሽ አውሪ። ቤት ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ቁርጥ አንቺን ትመስላለች፤ አበሳሰሏ እንኳ ያንቺው ነው።"

"አሁን የት ናት?"

"ወጥታለች። ሥራ አለኝ ትላለች። የት እንደምትሄድ ግን እኔ እንጃ።"

"ቬርን፣ ያቺ ሴት እኮ እኔ ነኝ" ስለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በማግሥቱ ስደውልለት ያን አልደገምኩም። አሁን በየቀኑ በምሳ ሰዓት እደውላለሁ። ስለ አንቺ እናወራለን፤ ስለተጋባንበት ቀን ዝናብ፣ ስለ መጀመሪያዋ መኪናችን። እንደ ድሮው ያስቀኛል። ማታ ቤት ስገባ ያ ሁሉ ይጠፋና "እንደምን አመሹ" ይለኛል። ሞኝ አትበዪኝ እንጂ፣ በምሳ ሰዓት በምታወራው ሴት እቀናባታለሁ።

አንቺ በቪዲዮ ስትደውዪ ከሶፋው ተነስቶ የሚሄደው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተቀይሞሽ አይደለም። ከአሁን በኋላ ምስል የሌለው ጥሪ ደውዪለት፤ ድምፅሽን ብቻ ይስማ።

ባለፈው ሳምንት ጋራዡ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ጀመረ። ምን እየሠራህ ነው ስለው በብርድ ልብስ ሸፈነብኝ። እጁ ሥራ ማግኘቱ ጥሩ ነው ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ዕለት በስልክ ራሱ ነገረኝ።

"ለሴትዮዋ ሳጥን እየሠራሁላት ነው። ከፊት ለፊቱ መስታወት አለው። ባለቤቶቿ መጥተው እስኪወስዷት አቧራ እንዳይነካት፣ እንዳትጎዳ ብዬ ነው። ጥሩ አድርገው የሠሯት ናት፤ ብትበላሽ ያሳዝናል።"

"አየር መግቢያ አለው?" አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

"ምን ያደርግላታል?" አለኝ።

ከፊቴ የጽጌረዳ ባልዲ ነበር፤ ጠርዙን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ "ቬርነን፣ ስማኝ" አልኩት። "ሴትዮዋ እንግዳ ናት። ወድዳ አልመጣችም። እሷም የምትናፍቀው ቤት ይኖራታል። ሳጥኑን አትሥራው። ለኔ ስትል።"

"ላንቺ ስል?" አለ።

"ለኔ ስትል።"

ያን ቀን ጆሊን ብቻሽን አትሄጂም ብላ በመኪናዋ ተከተለችኝ። ስንደርስ እንጨቱ ተፈታቶ ቆሻሻ ማውጫው አጠገብ ተደርድሯል፤ መስታወቱም ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አባትሽ ወጥ ቤት ቆሞ ነበር። ወንበር ሳበልኝ።

"ባለቤቴ እንድንከባከብዎ አደራ ብላኛለች" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ በላት" አልኩት።

"ያውቋታል?"

"ትንሽ ትንሽ" አልኩት። ሾርባውን ራሱ ቀድቶ ሰጠኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ጆሊን መጋዙንና መዶሻውን ሰብስባ ወሰደች፤ የመኝታ ቤቴ በር ላይም ቁልፍ አስገጥማልኛለች። ይህ ሁሉ አያስፈልግም ብያታለሁ። እቆልፈዋለሁ ግን።

ዴልበርት ከቤቱ ወጥተሽ ለብቻሽ ኑሪ፣ እሱን እኛ እንጠብቀዋለን ይለኛል። ትቼው የት እሄዳለሁ? ብሄድ በምሳ ሰዓት የሚደውልለት ማን ነው? ብቆይ ደግሞ... ይህን ሐሳብ በጀመርኩት ቁጥር አልጨርሰውም።

ለገና እመጣለሁ ያልሽው እውነት ከሆነ ቀኑን ቀደም አድርጊው። ስትደርሺ ግን በሩን እንዳታንኳኪ። መንገዱ ላይ፣ ከሜፕሉ ጀርባ ቁሚና ወደ ቤት ደውዪ። "አባዬ፣ ኮሪን ነኝ፤ መጣሁ" በይው። ደስ ይለዋል፤ ታያለሽ፣ ሮጦ ነው የሚከፍትልሽ። በሩ ሲከፈትና ፊትሽን ሲያየው ስልኩን ከጆሮሽ እንዳታወርጂ። ማውራትሽንም እንዳታቋርጪ፤ እየተናገርሽ፣ እየተናገርሽ ወደ እሱ ሂጂ።

በምትሄጂበት ሁሉ እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም። ክረምትም ይሁን በጋ፣ በሰላም ያገናኘን።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ሎሬና