ከሚላን የተነሣው ድንጋጤ

ውድ ጋሼ መልከጼዴቅ፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ ለመጀመር እጄ አልታዘዘልኝም። ትናንት ኮክረን ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ተኝተው ስለነበር አላዩኝም። መታመምዎን ከልጅዎ ከዘሪቱ ሰማሁ። ይህንንም እሷ ታነብልዎታለች።

ያን ቅዳሜ ያስታውሱታል። አምስት ሴቶች ባጠራቀምነው ገንዘብ አክሲዮን እንግዛ ብለን ሳድል ሪጅ ሰፈር እኔ ቤት ተሰብስበን፣ እርስዎንም ምክር እንዲሰጡን ጋብዘን ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥቂቱን ከጣሊያን፣ ጥቂቱን ከስፔን፣ የቀረውን ከጀርመን። "አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣናል" ስል፣ ዕድሜ ልክዎን ስታቲስቲክስ ያስተማሩት እርስዎ ራስዎን ነቀነቁ።

"አርያም ልጄ፣ አገሩ ሦስት ነው፤ ገንዘቡ ግን አንድ፣ ዩሮ ነው። የአንዱ ባንክ ለሌላው መንግሥት አበድሯል። አንዱ ጋ ድንጋጤ ሲገባ ሁሉም 'የእኛስ?' ብሎ ለመሸጥ ይሽቀዳደማል። ያን ቀን ሦስቱም አንድ ይሆኑብሻል።"

እኔ ምን አልኩ? "ጋሼ፣ አንቱ ሪታየር አድርገው ጡረታ ላይ ነዎት፤ ይሄን ለእኛ ይተዉልን!" ሴቶቹ ሳቁ። ኮትዎን አንስተው "ደኅና ዋሉ" ብለው ወጡ። በር ድረስ እንኳ አልሸኘሁዎትም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ቦታ በዕረፍት ሰዓት ስልኬን ከፈትኩ። አንድ የጣሊያን ባንክ ኪሳራ ደብቆ ተገኝቷል፤ የሚላን ገበያ እየወረደ ነው። "ግድ የለም፣ ጀርመን አለን" ብዬ ፍራንክፈርትን አየሁ፤ እሱም ወርዷል። ቀይ። ማድሪድም ቀይ። የጀርመን መኪና ፋብሪካ በዚያ ባንክ ምን አገባው? 

ከአምስታችን አንዷ ወደሆነችው ወደ ፈትለወርቅ ደውዬ "አለቀልን!" ብዬ ጮኽኩ። እሷ ለሌሎቹ ደወለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስታችንም "ሽጪ! ሽጪ!" እንባባላለን። ሸጥኩት። ዐርብ ዕለት ገበያው ከወደቀበት ግማሹን መለሰ፤ እኛ ግን ወጥተናል። የፈትለወርቅ ድርሻ ደግሞ ኤሪን ውድስ ሰፈር ቤት ልትገዛበት ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድሚያ ክፍያው፣ ያስቀመጠችው ነበር።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቅዎ መጣሁ። ዘሪቱ በሩን ከፍታ፣ "አልሰማሽም እንዴ? አባዬን እኮ ከሦስት ሳምንት በፊት ስትሮክ መታው። ይሰማል፤ መናገር ግን አልቻለም" አለችኝ።

ወደተኙበት ክፍል በር ዞርኩ።

"ሊታመም አንድ ቀን ሲቀረው ልደውልላት እያለ ነበር" አለች። "'ልጅቷ ብልህ ናት፤ እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳኋት' ይል ነበር።"

ጋሼ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በደንብ አስረድተውኛል እኮ! ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ለሴቶቹ ሁሉንም ነግሬአቸዋለሁ። ፈትለወርቅ "እኔም ስቄ ነበር" አለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንመጣለን። "አዎ" ለማለት እጅ እንደሚጨብጡ ዘሪቱ ነግራኛለች። እጅዎን ይዤ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ባይጨብጡኝም ይገባኛል፤ ወንበር ስቤ አጠገብዎ እቀመጣለሁ።

በር ድረስ ያልሸኘችዎ ልጅዎ፣
አርያም