ሲፕሪያኖ ኦቬላር ያስጻፈኝ፣ እኔም ያልጻፍኩት ቃል

ለፑዌርቶ ሳን ሬሚሂዮ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት
ለክብርት ዳኛ
ፑዌርቶ ሳን ሬሚሂዮ፣ ፓራጓይ

ኦገስት 18 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.)

አቤት ባይ፦ ኢሲዶሮ ካንዲያ፣ ዕድሜ 76፣ ጡረተኛ መምህር፣ በ1947ቱ የወንድማማች ጦርነት የሻምበል ጸሐፊ የነበርኩ

ጉዳዩ፦ በወ/ሮ ሴፌሪና ጋውቶ የአባትነት ማረጋገጫ መዝገብ በማስረጃ ቁጥር 4 የተያያዘው ደብዳቤ ሐሰተኛ መሆኑን ስለማሳወቅ፣ እውነተኛው ቃል ግን በችሎት እንዲሰማ ስለመለመን

ክብርት ሆይ፣

1. በዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። የፍርድ ቤቱን ደጃፍ ለሰው ምስክር ለመሆን እንጂ ለሌላ ጉዳይ ረግጬው አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው በራሴ ላይ ነው። ጁን 22 ቀን 1947 የሚል ቀን ያለበትን፣ ወታደር ሲፕሪያኖ ኦቬላር ስለ ልጁ ለወላጆቹ ጻፈው የተባለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም ባለፈው ኖቬምበር በገዛ ቤቴ ነው። ወረቀቱ ከሻምበሉ የተረፈኝ ነው። እንደ ሻይ በምንጠጣው በማቴ ቅጠል ውሃ ያወየብኩት፣ ጠርዙንም በጣቴ ያሸሁት እኔ ነኝ። የጽሑፍ መርማሪው «እጁ ያለ ጥርጥር የሻምበሉ ጸሐፊ እጅ ነው» ብለው መስክረዋል፤ አልተሳሳቱም። ወ/ሮ ሴፌሪና ስለዚህ ተንኮል የሚያውቁት አንዳች ነገር የለም። ይህንን የምገልጸው ቅጣት እንዲቀልልኝ አይደለም፤ የእኔ ሐሰት የእርሳቸውን እውነት ይዞት እንዳይወድቅ ብዬ ነው።

2. ነገሩ የጀመረው በጦርነቱ ነው። በሻምበላችን ከነበርነው ዘጠና ሁለት ሰዎች መካከል ብዕር መያዝ የሚችል ከአሥራ አንድ አይበልጥም ነበር። እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር በጥይት ሣጥን ላይ እቀመጣለሁ፤ ወታደሩ ተራ ይዞ በአገሬው ቋንቋ፣ በጓራኒ፣ ይነግረኛል፤ እኔ በስፓኒሽ እጽፍለታለሁ። ክብርት ሆይ፣ በእኔ ዘመን በትምህርት ቤት ጓራኒ ያመለጠው ልጅ በበቆሎ ፍሬ ላይ ይንበረከክ ነበር። እኔም ተንበርክኬ ነው የተማርኩት፤ በመማሬም እኮራ ነበር። ደብዳቤ የእሑድ ሸሚዝ ነው፣ ላብ የነካው ቃል አይገባበትም ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ የሁሉም ደብዳቤ አንድ ሆነ፦ «ውድ ወላጆቼ፣ ይህች ደብዳቤ በምትደርስበት ሰዓት በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።» ተቅማጥ የጣለውም፣ የገዛ ወንድሙን ከማዶ ባለው ጦር ውስጥ ያየውም፣ በእኔ እጅ ከናፍቆት በቀር ደኅና ነበር። መኮንኖቹ አመሰገኑኝ። ወታደሮቹም ቢሆኑ «የአሥር አለቃ ካንዲያ ደብዳቤ ቄስ ፊት ይነበባል» እያሉ ይመኩብኝ ነበር።

3. ጁን 22 ቀን ሲፕሪያኖ ተራው ደረሰ። ከዚሁ ከተማ ከላይኛው ሠፈር የመጣ፣ ዕድሜው ሃያ አንድ፣ ፊደል የማይለይ፣ ሲናገር በሁለት እጁ የሚናገር ልጅ ነበር። ያስጻፈኝ ስለ ኤርሜሊንዳ ጋውቶ ነው። ኤርሜሊንዳ ስድስት ወር ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ልጁ የእርሱ እንደሆነ፣ ቤተሰቡም ወደ ቤት እንዲያስገባት ነገረኝ። እኔ ግን፣ ያልተጋባ ሰው ለእናቱ ስለ እርግዝና መጻፉን ነውር አድርጌ ቆጠርኩት። ነውር መሆኑን እንኳ ለእርሱ አልነገርኩትም። ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነከርኩና ያንኑ የለመድኩትን ጻፍኩ። ሲፕሪያኖ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ መስመሮቹን በጣቱ ቆጠራቸው።

«አሥር አለቃዬ፣ ይኼን ሁሉ ለፍልፌ ሰባት መስመር ብቻ?» አለኝ።

«ስፓኒሽ ብዙውን በጥቂቱ ይላል» አልኩት።

«የኤርሜሊንዳ ነገርስ? ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«በል እንግዲህ ተገላገልኩ» ብሎ ሳቀ፤ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ከሥሩ አተመ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ወንዙን ስንሻገር ከጎኔ ተመትቶ ወደቀ። «ገብቷል» የሚለው ቃል ከእኔ ወደ እርሱ የተሻገረ የመጨረሻው ከባድ ውሸት ነው።

4. የዚያች ደብዳቤ ሥራ በዚህ አላበቃም። በኦገስት ወር ኤርሜሊንዳ ሆዷ ገፍቶ ወደ ኦቬላር ቤት ሄደች። የሲፕሪያኖ እናት ደብዳቤውን ከመስቀላቸው ሥር አውጥተው ለጎረቤት ሰጥተው አስነበቡት። ስለ እርሷ አንድ ቃል አልነበረበትም። «ልጄ ‹ፅንሱ የእኔ ነው› ቢል ኖሮ ይጽፍልኝ ነበር። ይኸው የጻፈው፤ ደኅና ነኝ ነው የሚለው» አሉና በሩን ዘጉ። ይህን የሰማሁት ከጦርነቱ እንደተመለስኩ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ማለትም፣ እኔ ሳልጽፍ የቀረሁት ነገር አልተጻፈም ተብሎ በእርሷ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቆመ።

5. በዚያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። የሞተን ወታደር ቃል የቆረጠ ጸሐፊ ተብዬ መምህር መሆን አልፈለግሁም። በ1954 ሴፌሪና ጋውቶ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ በክፍሌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። በመዝገቡ ላይ «አባት፦ ያልታወቀ» ብዬ የጻፍኩት በዚሁ እጄ ነው። አራት ዓመት አስተማርኳት። ስትናገር በሁለት እጇ ትናገር ነበር፤ እጅሽን ሰብስቢ እላት ነበር። በጓራኒ ስላወራችም በበቆሎ ፍሬ ላይ አንበርክኬአታለሁ።

6. ባለፈው ዓመት ወ/ሮ ሴፌሪና ከወደቡ የዓሣ መሸጫቸው በቀጥታ ወደ ቤቴ መጡ። የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አባትየው በሕይወት ሳሉ የሰጡት የጽሑፍ ቃል ካለ እንዲያቀርቡ ጠይቋቸው ነበር። በረንዳ ላይ ቆመው፣ አልቀመጥም ብለው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ለእነዚያ ልጆች ሁሉ የጻፉላቸው እርስዎ ነዎት ይባላል። አባቴ ስለ እኔ ያለው ነገር ነበር? ካልነበረ የለም ይበሉኝና ልረፍ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ውርስ ብፈልግ ያኔ በልጅነቴ እፈልግ ነበር። መቃብሬ ላይ ግማሽ ስም እንዳይቀመጥ ብዬ ነው።»

ክብርት ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር የተሰጠኝ ጊዜ ያ ነበር። «ነበረ፤ እኔ ግን አልጻፍኩትም» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «ነበረ፤ ሳይላክ የቀረ ሁለተኛ ደብዳቤ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ለሳምንት ይምጡ» አልኳቸው። በሳምንቱ መጡ። ወረቀቱን ስመው፣ የእጃቸው ሽታ እንዳይነካው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱት። አሁን በመዝገቡ ውስጥ ያለው እርሱ ነው። ከሥሩ ያለው የአውራ ጣት አሻራም የእኔው ነው።

7. ጁላይ 22 ቀን በዋለው ችሎት የሲፕሪያኖ እህት ወ/ሮ ባሲሊያ ኦቬላር ማመልከቻውን ተቃውመው ቀረቡ። የችሎቱ ጸሐፊ የእኔን ደብዳቤ አነበበላቸው፤ በጓራኒም ተረጎመላቸው፦ «ከወ/ሪት ኤርሜሊንዳ ጋውቶ የሚወለደው ሕፃን በሕግም በተፈጥሮም የእኔ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ…» ወ/ሮ ባሲሊያ ሰምተው ሲጨርሱ በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ።

«ይኼ ወንድሜ አይደለም» አሉ። «ወንድሜ እንዲህ ብሎ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ይኼ መምህሩ ነው የሚናገረው!»

በችሎቱ የነበረው ሰው ሳቀ፤ አሮጊቷ ጃጁ አለ። ከሁሉም ትክክል የነበሩት እርሳቸው ብቻ እንደነበሩ የማውቀው፣ ክራባቴን አስሬ ከኋላ ወንበር የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አልተነሣሁም። በመጀመሪያ የሲፕሪያኖን ቃል ቆረጥኩ፤ በሁለተኛው ደግሞ እውነቱን ልመልስ ብዬ እንኳ በእርሱ አፍ የራሴን ቃል ተናገርኩ።

8. ባለፈው ሳምንት እሑድ፣ ኦገስት 10 ቀን፣ ወደ ወ/ሮ ባሲሊያ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ካሳቫ ይልጡ ነበር።

«እዛው ቁም» አሉኝ። «ውሻው መምህር ከሌባ አይለይም። እኔም ካለፈው ወር ወዲህ አልለይም።»

ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅሁና ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቀጥሎም ወንድማቸው በዚያ እሑድ የነገረኝን፣ በጓራኒ፣ እንዳለው አልኩላቸው። በሕይወቴ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ረስቻቸዋለሁ፤ ይህንን ግን ስላልጻፍኩት አልረሳሁትም። ለመዝገቡ እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ የኤርሜሊንዳ ሆድ የኔ ነው። የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። እንዳትቆጪ፤ ብትቆጪም እኔ ሩቅ ነኝ፣ ዱላሽ አይደርስብኝ። አስገቢያትና ጓዳ በኩል ያለውን አልጋ ስጫት፤ የኔ አልጋ ይሰነጠቃል። ቀንደ ሰባራዋን ላም እንዳትሸጧት፤ ወተቷ ለኤርሜሊንዳ ነው። ጉንዳኔ ትነጫነጫለች፤ ትነጫነጭ። እሷ ካልነከሰች ቤታችን ቤት አይመስለኝም። ሴት ከሆነች በአያቴ ኒኮላሳ በሏት። ወንድ ከሆነ ግን የኔን ስም እንዳትሰጡት፤ ይኼ ስም ጥይት ይጠራል መሰለኝ። በሉ፣ ፈርቻለሁ ብሎ ነበር እንዳትሉ።»

«ጉንዳኔ» ከሚለው ቃል ስደርስ ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። ጉንዳኔ ማን እንደሆነች እኔ አላውቅም ነበር፤ ያኔም አልጠየቅሁም። ወ/ሮ ባሲሊያ ቢላዋውን ሳያነሡ «እንደገና በል» አሉኝ። አልኩ። «አሁንም» አሉ። ሦስት ጊዜ አልኩ። ከዚያ ውሻውን አሰሩና አስገቡኝ።

«እኔ ነኝ ጉንዳኗ» አሉ። «ከሱ በቀር እንዲህ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ሰው ፊትም ብሎኝ አያውቅ። መምህር፣ ያቺ ልጅ ሆዷን ይዛ ስትመጣ በሩን የዘጋችው እናቴ ናት፤ መቀርቀሪያውን ግን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ‹የሱ ቢሆን ይጽፍ ነበር› እያልኩ ነው የተኛሁት። አንተ ደግሞ ከዚህ ሁለት መንገድ ተሻግረህ ትተኛ ነበር።»

 ይህንንም ቃላቸውን እንዳሉት ለፍርድ ቤቱ አስመዘግባለሁ።

9. በማግስቱ ለወ/ሮ ሴፌሪና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓሣውን ከመመዘን አላቋረጡም። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል ሳይናገሩኝ «ኒኮላሳ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። «እሱ ይቅር። ሴፌሪና ያለችኝ እናቴ ናት፤ ያሳደገኝም ይኸው ስም ነው። የጎደለኝ ኋለኛው፣ የአባቴ ስም ነው» አሉ። ከዚያም ያኔ ደብዳቤውን የጠቀለሉበትን ነጭ ጨርቅ ለእኔ ሰጥተው ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።

10. አንድ ጊዜ ሐሰተኛ ሰነድ የሠራ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለምን ይታመናል ቢባል፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህ በእኔ ቃል ብቻ እንዲፈረድ አልለምንም። ወ/ሮ ባሲሊያ ተቃውሟቸውን አንሥተው፣ ከእኔ የሰሙት የወንድማቸው ቃል መሆኑን ለመመስከር ፈቃደኛ ሆነዋል። ያስቀመጡብኝ ግዴታ አንድ ነው፤ እኔም በችሎት ቆሜ፣ ያኔ በሳቁት ሰዎች ፊት፣ በጓራኒ፣ «ሳታሳምረው» እንድናገር።

ስለዚህ ክብርትነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው። ማስረጃ ቁጥር 4 ከመዝገቡ ወጥቶ በእኔ ላይ ለሚቀርበው የወንጀል ክስ እንዲተላለፍ፤ የእኔ ክስ ግን ከወ/ሮ ሴፌሪና ጉዳይ ተለይቶ እንዲታይና የእኔ ጥፋት በእርሳቸው ላይ እንዳይቆጠር፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን በሚውለው ችሎት ወ/ሮ ባሲሊያም እኔም እንድንሰማ። ለቅጣቱ መቅለል ዕድሜዬ ምክንያት እንዳይሆን፤ ዕድሜዬን ያገኘሁት ሲፕሪያኖ ባጣው ጊዜ ነው።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር እለምናለሁ። የችሎትዎ ጸሐፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር። የሲፕሪያኖ ቃል በሚመዘገብበት ጊዜ ሳያቃና፣ ሳያሳጥር፣ ወደ ስፓኒሽም ሳይመልስ፣ «ይሰነጠቃል» ያለውን «ይሰነጠቃል»፣ «ፈርቻለሁ» ያለውን «ፈርቻለሁ» ብሎ እንዲጽፍ በችሎት ይታዘዝልኝ። እጁ ወደ ማቃናቱ ቢያዘነብል እንዳይፈረድበት፤ ማቃናቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከጥልቅ አክብሮትና ሃምሳ ዓመት ከዘገየ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ኢሲዶሮ ካንዲያ
የቀድሞ አሥር አለቃና የሻምበል ጸሐፊ